አዝማሪ መጀመሪያ ስም ይጠይቃል

ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። መጀመሪያ መሰንቆው ይቃኛል። ቀጥሎ አዝማሪው በወንበሮቹ መሀል ተሽሎክልኮ ይመጣና ጎንበስ ይላል። «ስምዎን፣ ጌታዬ?» ስሙን ሲሰማ ሀገር ይጠይቃል። «ዳንግላ» ካሉት ዳንግላን ያነሣል፤ «ደራ» ካሉት ደራን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የአባትህ ደግነት፣ የጓደኛህ ቋጣሪነት፣ ያዘዝከው ቢራ ብዛት ሳይቀር በግጥም ይወጣል። አንተም ትስቃለህ። ብር አውጥተህ ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ።

ይህ «ስምዎን?» የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን በጭንቅላቴ ሲመላለስ ከረመ። ምክንያቱ ጦርነት ነው።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ እዚህ ሀገር ስለ አርቲስትና ስለ ጦርነት የማይጨቃጨቅ የለም። ግንባር ሄዶ የዘፈነው «ካድሬ» ተባለ። ያልሄደው «ባንዳ» ተባለ። ዝም ያለውም አልተረፈም፤ ዝምታውን እየተረጎሙ ሰደቡት። ጭቅጭቁ ግን ዋናውን ነገር ዘሎት ያልፋል። ለመሆኑ ዘፈን ለወታደር ምን ያደርግለታል? ሁላችንም «ወኔ ይሰጠዋል» ብለን እናልፋለን። እኔ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። ዘፈን ለወታደር የሚሠራው ዘፋኙ ሰሚውን ሲያውቀው ነው። ሳያውቀው ሲዘፍን የሚሞቀው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እቤቱ የተቀመጠ ነው።

የድሮውን ጦር እናስብ። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የሄደው ሰው ከየሀገሩ አለቃውን ተከትሎ የወጣ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሰው ይዘው ዘመቱ። ሌሎቹም መኳንንት እንዲሁ የየሀገራቸውን። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጎን ይሰለፋል፤ አማች ከአማቹ ጋር ያድራል። ጉዞው ወራት ፈጀ። ስንቅ የሚሸከሙና የሚያበስሉ ሴቶች አብረው ሄዱ። ቄሶች ሄዱ። አዝማሪዎችም መሰንቋቸውን አንጠልጥለው ሄዱ።

ይህ አዝማሪ የሚዘፍንለትን ሰው ያውቀዋል። የአባቱን ስም ያውቃል። ትልቅ ሰው ከሆነ የፈረሱን ስም ያውቃል። ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው፤ አሉላ አባ ነጋ። ማታ እሳት ዳር ቀረርቶው ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ድምፁ ይረዝማል፤ ሆድ ያባባል። ሽለላው ሲገባ ደም ይሞቃል። ያኔ አንዱ ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ይላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፉከራ የአዝማሪው አይደለም፤ የተዋጊው ነው። አዝማሪው ቤቱን ያሞቅለታል፤ እሱ ግን በገዛ አፉ፣ በጎረቤቶቹ ፊት፣ እንዲህ አደርጋለሁ ብሎ ይገዘታል።

ነገ ቢሸሽ ወዴት ይገባል? የሰሙት ሰዎች አጠገቡ ናቸው። አዝማሪውም ሀገር ቤት ተመላሽ ነው። ያወደሰ ምላስ ማዋረድም ያውቅበታል። የፈሪውን ስም ለሚስቱ፣ ለአማቹ፣ ለቅዳሜ ገበያ ያደርሰዋል። እንግዲህ ዛሬ «ሞራል» የምንለው ነገር ያኔ ግማሹ ይሉኝታ ነበር። ይሉኝታ ደግሞ የሚሠራው ስምህን የሚያውቅ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

የአዝማሪን ጉልበት ከእኛ ይልቅ ጠላት ነው አሳምሮ የተረዳው። እኛማ «አዝማሪ» ብለን ስንሰድብበት ኖረናል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ ወር ገደማ በኋላ ሰውየው ወደ ሮም ቴሌግራም ላከ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ ጠንቋዮች፣ ባለ መድኃኒቶች፣ ወሬና ታሪክ በዜማ እየነገሩ የሚዞሩ ሰዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዝዣለሁ አለ። እስከዚያ ቀን 70 መገደላቸውንም አብሮ ጻፈ። መድፍና አውሮፕላን ያለው ጦር አንድ ክር የጭራ መሰንቆ የያዘ ሰው ፈራ። አያስቅም? ያስቅ ነበር፣ ባይገድሏቸው ኖሮ።

በነገራችን ላይ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመውም ጦርነት ደጅ ሲቆም ነው። በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ወረራውን ሲያዘጋጅ፣ መኮንን ሀብተ ወልድ መሠረቱት። ንግግርና ሙዚቃ ተቀላቅሎ በአደባባይ ሕዝብ ይቀሰቀስ ነበር። በኋላ ቴያትር ቤት ሆነ። ዛሬ ፒያሳ ለመዝናናት የምንገባበት ቤት የተጀመረው «ተነሡ» ለማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ዘፋኙ የጦሩ ደመወዝተኛ ሆነ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ጥላሁን ገሠሠ በክቡር ዘበኛ አደገ። ማህሙድ አህመድም እዚያ ዘፍኗል። ለሀገራችን ሙዚቃ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ሳክስፎኑም ትራምፔቱም በወታደር ቤት በር ነው የገባው ማለት ይቻላል። ለዘፋኙ ግን ዕዳም ነበረው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ታሰረ። ዘፋኙ የመሣሪያው ወገን ተደርጎ ተቆጠረ።

ደርግ ደግሞ ነገሩን እስከ ቀበሌ አወረደው። ኪነት! በዕድሜ ጠና ያላችሁ ቃሉን ስትሰሙ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ነበረ። ከጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ከጎንደር ፋሲለደስ፣ ከወሎ ላሊበላ። ይሁኔ በላይን የመሰለ ድምፅ ከግሽ ዓባይ ወጣ። አርቲስቶች በኦጋዴኑም በሰሜኑም ጦርነት ወደ ግንባር ይላኩ ነበር። ሄድኩ አልሄድኩ የሚባል ምርጫ ብዙም አልነበረም። በተራራው ማዶም ያው ነው። ሻዕቢያም ወያኔም የራሳቸው የባህል ቡድን ነበራቸው። ታጋይ ቀን ይዋጋል፤ ማታ ክራር ይመታል።

ስለ ኪነት ሐቁን ለመናገር ግጥሙ ብዙ ጊዜ ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ የተቀዳ ይመስላል። ያተረፈው ዜማውና እስክስታው ነው። አሥመራ ምሽግ ውስጥ የተቀመጠ የቡሬ ልጅ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» የሚለውን ሰምቶ ልቡ የሞላ አይመስለኝም። የጎጃሙን ምት ሲሰማ ግን ትከሻው አላስቀምጥ እንደሚለው እገምታለሁ። ዜማው መንደሩን ያውቀዋል፤ ግጥሙ አያውቀውም።

አሁን ትንሽ ራቅ ብለን እንይ። የሰው ሀገር ልምድ የራሳችንን ለማየት ይረዳል።

አሜሪካኖች ቦብ ሆፕ የሚባል ቀልደኛ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1941 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአንድ የአየር ኃይል ሰፈር ቀለደ። ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ገደማ አላቆመም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ኮሪያ፣ ቬትናም፣ በመጨረሻም የባሕረ ሰላጤው ጦርነት። እ.ኤ.አ. በ1997 የሀገሩ ምክር ቤት የክብር ዘማች ብሎ ሰየመው። ጥይት ሳይተኩስ ማለት ነው።

ምስጢሩ ምን ነበር? ሰውየው አዝማሪ ነበር እላለሁ። ቀልድ ጸሐፊዎቹ ቀድመው ስለ ሰፈሩ ያጣራሉ። አዛዡ ማን ይባላል? ወታደሩ በምን ያማርራል? ምግቡ እንዴት ነው? ጭቃው፣ ትንኙስ? ሆፕ መድረክ ሲወጣ ስለ ሀገር ክብር አያወራም። ስለ ኮሎኔሉና ስለ ወጡ ይቀልዳል። ወታደሩ «ይሄ ሰው ያውቀናል» ይላል። «ስምዎን፣ ጌታዬ?» በእንግሊዝኛ!

ግን ሌላም ነገር አለ። የቬትናም የገና ጉዞዎቹ ተቀርጸው በቴሌቪዥን ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1970 የተላለፈው በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተመልካች ካገኙ ዝግጅቶች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ተመልካቹ ሁለት ሆነ። አንደኛው ጫካ ውስጥ ያለው ወታደር። ሁለተኛው ሶፋ ላይ ያለው ሰው። ካሜራ ሲገባ ለማን ነው የሚዘፈነው የሚለው ጥያቄ አብሮ ይገባል። ይህ ጥያቄ ኋላ ወደ እኛ ቤት ይመጣል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1939 ለወታደር መዝናኛ የሚልክ ድርጅት አቋቋሙ፤ ኤንሳ ይባላል። ሁሉን ሰበሰበ፤ ጎበዙንም ሰነፉንም። ወታደሮቹ የስሙን ፊደላት ተርጉመው «በየማታው የሆነ አስጠሊታ ነገር» አሉት። ወታደር ሁሉ የመጣለትን ያጨበጭባል ብላችሁ አታስቡ።

ቬራ ሊን የምትባለው ዘፋኝ ታሪክ ግን ይገርማል። ስለ ናፍቆትና ስለ መገናኘት ነበር የምትዘፍነው። በሬዲዮ ለወታደሮች ፕሮግራም ስትጀምር አንዳንድ ባለ ሥልጣኖች ተቆጡ። ይህ ለስላሳ ዘፈን ወንዱን ያላላል፣ ማርሽ ይዘፈንለት አሉ። ወታደሩ ግን እሷን ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1944 በርማ ድረስ ሄደች። ሰው ረሳን የሚል ጦር ነበር እዚያ የሚዋጋው። በጫካው ሙቀት በየሆስፒታሉ እየዞረች ዘፈነች። ማርሽ የጠየቃት ካለ አልሰማሁም።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ የሊሊ ማርሊን ነገር ነው። ጀርመንኛ ዘፈን ነው። ወታደሩ ከሰፈሩ በር ላይ ካለው መብራት ሥር የምትጠብቀውን ልጅ ያስባል፤ በቃ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ጀርመኖች በያዙት የቤልግሬድ ሬዲዮ በየማታው ይለቀቅ ነበር። የናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ ዘፈኑን አልወደደውም። ግን ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ የጀርመኑም የእንግሊዙም ወታደር ሰዓቱን ጠብቆ ይሰማው ጀመር። ቀን የሚገዳደሉ ሰዎች ማታ አንድ ዘፈን ይሰማሉ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይታየኛል። ግንባር ላይ ያለው ሰው ቤቱን ይፈልጋል። ሳቅም ይፈልጋል፤ ጦርነት አብዛኛው መጠበቅ ነውና ስልቹነቱ ይገድላል። ፉከራ የሚጠማው ከኋላ ያለው ነው።

ወደ ባሕር ዳር ልመለስ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ሕዳር 4 ሌሊት ወደ አየር ማረፊያችን ሮኬት ተተኮሰ። ከተማው ከዚያ በኋላ የኋላ ደጀን ሆነ። እናቶች በሶ ፈጩ፤ ዳቦ ቆሎ ጋገሩ። ቁስለኛ መጣ፤ ደም የሚሰጥ ወጣት ተሰለፈ። የገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ በየቦታው ተዘጋጀ። በሕዳር 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግንባር እሄዳለሁ ሲሉ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፈይሳ ሌሊሳ ለመዝመት ዝግጁ ነን አሉ። አርቲስቶችም በየጊዜው ግንባር ሄደው ዘፈኑ።

እውነቱን እናውራ። ከሄዱት ውስጥ ቁስለኛ አልጋ ሥር ተቀምጠው ያጫወቱ ነበሩ። ካሜራ ሳይከተላቸው። ለእነሱ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ግን የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ባዶ ጠመንጃ ይዞ፣ ኮረብታ ላይ የተቀረጸ ክሊፕም ጎረፈ። ክሊፑን ማን አየው? ምሽግ ውስጥ ያለው ልጅ ኔትወርክ የለውም። ያየሁት እኔ ነኝ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ዋይፋይ እየበላሁ። ደሜ ሞቀ። ሼር አደረግሁ። ሻይ ጠጣሁና ተኛሁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ከንቱ ነበር ግን አልልም። የከተማው ስሜትም ሞራል ነው። ያ ዘፈን ባይኖር ምናልባት በሶው ያንን ያህል አይፈጭም ነበር። ችግሩ ሁለቱን ማደባለቃችን ነው። ለከተማው የተዘፈነውን «ለሠራዊቱ» ብለን ጻፍንበት።

ለከተማ የሚዘፈን ዘፈን ሌላ አደጋም አለው። የሚያሞቀው ሰው ጠላቱን አያየውም። ወታደር ሬሳ አይቷል፤ ማዶ ያለውም እናት እንዳለው ያውቃል። አልጋው ላይ ያለው ሰው ግን ሕዝብን በጅምላ መጥላት ይችላል። በዚያ ጦርነት በሁሉም በኩል ጦሩን ትቶ ሕዝቡን የሰደበ ግጥም ሰምተናል። ሩዋንዳ ውስጥ ሲሞን ቢኪንዲ የሚባል ታዋቂ ዘፋኝ ነበር። ለሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የ15 ዓመት እስራት ፈረደበት። ልብ የሚባለው የተፈረደበት ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ በዘፈኖቹ አልቀጣውም። የቀጣው እ.ኤ.አ. በ1994 መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ ሰው እንዲገደል በመቀስቀሱ ነው። ለሕግ መስመሩ እዚያ ጋ ነው። ለሰሚው ጆሮ ግን ዘፋኙና ቀስቃሹ አንድ ሰው ናቸው። ማይኩም አንድ ነው።

ዘፋኙ ራሱስ? ለመሣሪያ ዘፍኖ ሰላም ያገኘ ጥቂት ነው። ሶቪየቶች ሊዲያ ሩስላኖቫ የምትባል የገበሬ ዘፈን ንግሥት ነበረቻቸው። ጦርነቱን ሙሉ ግንባር ለግንባር ዞረች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 በርሊን፣ በጀርመን ምክር ቤት በራይሽታግ ደረጃ ላይ ዘፈነች። ሦስት ዓመት ቆይቶ የራሷ መንግሥት አሰራት፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1953 አልወጣችም። የጥላሁንን አንሥቻለሁ። ዛሬ ለባለ ጊዜው ሲዘፍን ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ አርቲስት የለም።

አሁን ያለንበት ነገር ከሁሉም ይከብዳል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጦርነቱ ከደጅ ወደ ጓሮ ገባ። የሚዋጉት ሁለቱም ወገኖች አንድ ዜማ ያውቃሉ። ቀረርቶው ያው ነው፤ «ዘራፉ» ያው ነው። በአንድ ሽለላ ያደገ ወንድም እዚያም እዚህም አለ። ሊሊ ማርሊን በቋንቋችን ብትሆን ኖሮ ይህን ትመስል ነበር፤ ልዩነቱ የእኛው ዜማ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ግድያ መጥራቱ ነው።

አዝማሪ ቤቱም ተለወጠ። ሰዓት እላፊው ሲታወጅ ሥራው ቀጥ አለ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ይሞቅ የነበረው ቤት በጊዜ ይዘጋል። ሰርግ ቀነሰ። ከሁሉ በላይ ግን አዝማሪው የሚያውቀውን ሙያ ፈራው። ሞቅ ያለው እንግዳ «ፉከራ በል እንጂ!» ሲለው መሰንቆውን ወደ ትዝታ ያዞረዋል። ማን ቤቱ ውስጥ እንዳለ አያውቅም። ሰውም ስሙን መናገር ትቷል። «ስምዎን?» ሲባል «ተወው ባክህ» ይላል። ወይም የውሸት ስም ይሰጣል። ሀገሩንማ ጭራሽ አይናገርም።

ባለፈው አንድ ምሽት ጣና ዳር አካባቢ ካለች ትንሽ ቤት ገብተን ነበር። ስምንት ሰው ብንሆን ነው። ጥግ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ይጠጣል። ፀጉሩ አጭር ነው፤ ጫማው አቧራ ነው። አዝማሪው ልማዱ አልለቅ ብሎት ጎንበስ አለ።

«ስምህን፣ ወንድሜ?»

«ስም ይቅርብኝ። ተቀበል።»

«ልቀበል።»

ልጁ ብርጭቆውን እያየ ቀስ ብሎ አለው፤

«እናትህ ደጅ ወጥታ መንገድ ታያለች፣
ውሻ በጮኸ ቁጥር ልጄ ነው እያለች።»

አዝማሪው ተቀበለ። አንዴ ብሎ አልተወውም፤ ሦስት ጊዜ መለሰው። ጠጅ ቀጂዋ ብርሌውን ይዛ ቆማ ቀረች። የየትኛው ወገን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ልጁ መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ግንባሩ ላይ አልለጠፈም። ከዚያ ባለቤቷ ሰዓቷን አይታ ሒሳብ ስትል እኛም ተነሣን።